ትልቅ ጣቢያና ትንሽ ጣቢያ፦ ለሬዲዮ ውድድር አዋሽና ሰመራ የወረድኩበት ሳምንት

ስለዚህ ጉዞ የሚያነሳብኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱ ነው። እሱን ልንገራችሁና ይውጣልኝ፦ ይሞቃል። ጉለሌ ተቀምጠን ሐምሌ ሲበርደን "ምነው ቆላ በወረድኩ" የምንል ሰዎች አፋችንን ብንሰበስብ ይሻለናል። እኔን ግን ከሙቀቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። እሱም የመጣው በገዛ እጄ ከጻፍኩት አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሬዲዮ መገናኛ ኦፕሬተሮችን በሚያሠለጥን አንድ መሥሪያ ቤት አስተምር ነበር። በየበረሃው ባሉ የመንገድ ካምፖች፣ እርሻዎችና ክሊኒኮች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ሬዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። እኛ "አማተር" እንላቸዋለን። አንዱ ጸሐፊ ነው፣ አንዱ ቁስል አጣቢ ነው፤ በትርፍ ጊዜው፣ ወይም ሌላ ሰው ስለጠፋ፣ ቁጭ ብሎ በነጥብና በሰረዝ መልእክት ያስተላልፋል፤ ሞርስ የሚባለው ነው። ለእነሱ ውድድር ይዘጋጅ ተባለ። በአንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ከብዙ ጣቢያዎች ጋር ተገናኝቶ ቁጥር የላከና የተቀበለ ያሸንፋል። አሸናፊው አዲስ አበባ መጥቶ ኮርስ ይገባል፤ ሲጨርስም በኦፕሬተርነት ይቀጠራል።

ደንቡን ጻፊ የተባልኩት እኔ ነኝ። አንዳንዱ ጣቢያ አዲስ ሬዲዮ፣ ጄኔሬተርና የብረት ማማ አለው። አንዳንዱ ያለው በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ ሽፋኑ በሽቦ የታሰረ አሮጌ ነገር ነው። ሁለቱን ማወዳደር ፈረሰኛን ከእግረኛ ማሽቀዳደም ስለሆነ "ትልቅ ጣቢያ" እና "ትንሽ ጣቢያ" ብዬ ለሁለት ከፈልኳቸው። ኮርሱ ላይ የነበረችው ቦታ አንዲት ብቻ ስለሆነች ለትንሽ ጣቢያ አሸናፊ እንድትሰጥ አደረግኩ፤ ትልልቆቹን የምስክር ወረቀት ይበቃቸዋል። መሣሪያውን ደብቆ "ትንሽ ነኝ" የሚል እንዳይኖር ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ "የጣቢያው ምድብ የሚወሰነው በንብረት መዝገቡ ላይ በሰፈረው መሣሪያ ነው።" ያችን ዓረፍተ ነገር ጋቢ ለብሼ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስጽፋት በራሴ ኮርቼ ነበር።

ውድድሩን በየቦታው የሚታዘብ ሰው ሲፈለግ ወደ ጅማ የሚሄድም፣ ወደ ነቀምት የሚሄድም ተገኘ። ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርድ ጠፋ። አንዱ ደም ግፊት አለብኝ አለ፤ ሌላው ሚስቴ ልትወልድ ነው አለ። "ደንቡን የጻፈችው ጓዲት ጥሩነሽ ናት፤ እሷው ትሂድ" ተባለና ዕጣው ሳይጣል ለእኔ ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ከለገሃር ተሳፈርኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ቀሚስ፣ ቆሎ፣ የጆሮ ማዳመጫና የሞርስ መምቻ ቁልፌ አሉ። ናዝሬት ላይ ፈታሾች ገቡ። አንደኛው ሻንጣዬን በርብሮ መምቻውን ብድግ አደረገው።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ቁልፍ ነው።"

"የምን በር ቁልፍ?"

"የበር አይደለም፤ የሬዲዮ ነው።"

"ሬዲዮው የታለ?"

"ሰመራ።"

"ሬዲዮው ሰመራ፣ ቁልፉ ናዝሬት?" አለና ጓደኛውን ጠራው። ጓደኛው አለቃቸውን ጠራ። መሸኛ ደብዳቤዬ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ እኔም ጣቴን እያንቀሳቀስኩ ነጥብና ሰረዝ ሳስተምር ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ "ለአብዮታዊ ሥራ ከሆነ ይሁን" ብለው ለቀቁኝ። ባቡሩ ሲነሳ አጠገቤ የተቀመጠችው ወፍራም ሴትዮ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። "እግዜር ይስጥሽ እህቴ" አለች፤ "አንቺን ሲጠይቁ እኔን ረሱኝ።" ከቀሚሷ ሥር ያለው ውፍረት የእሷ ሳይሆን የቡና መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ብርቱካኑን ግን በላሁት።

ወለንጪቲን ካለፍን በኋላ አየሩ ተቀየረ። መስኮት ስንዘጋ እንታፈናለን፣ ስንከፍት አቧራ እንበላለን። መተሐራ አጠገብ ግመሎች ሐዲዱ ላይ ቆመው አንነሳም አሉ። እኛ ሰፈር አህያ መንገድ ሲዘጋ አንድ ጩኸት ይበቃዋል፤ ግመል ግን ዞር ብሎ አይቶ እንደገና ፊቱን ያዞራል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር።

ያረፍኩት ከወሎ በመጡ ወይዘሮ ፋጡማ በሚባሉ ሴት አልቤርጎ ነው። ገና ቁጭ ሳልል አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩና "ልጄ፣ እዚህ ያለው ሥጋ የእስላም ነው፤ እንዳትቸገሪ። ለክርስቲያን እንግዳ የተለየ መጥበሻ አለኝ፤ እንቁላል ልሥራልሽ?" አሉኝ። መጥበሻው እውነትም ለብቻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ክፍሌ እንደ ምድጃ ስለጋለ አልጋዬን ራሳቸው ጎትተው በረንዳ አወጡልኝ። "አብሽሪ፣ የመጀመሪያው ቀን ነው የሚከብደው" አሉ። ሁለተኛውም ከበደኝ፤ እሳቸውን ላለማስከፋት ግን "ለመድኩት" አልኩ።

ረቡዕ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የመንግሥት እርሻ ሄድኩ። ገና ከሩቅ ማማው ታየኝ፤ ከእኛ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይረዝማል። የተመዘገቡት "ትንሽ ጣቢያ" ተብለው ነው። ተሳስቼ ሌላ ቦታ የመጣሁ መሰለኝ።

ተወዳዳሪዋ ጽጌ ትባላለች፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ንግግሯ ቶሎ ቶሎ የሚል ልጅ። ሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ ማራገቢያ ይዞራል። ጠረጴዛው ላይ እኔ ለተማሪዎቼ በሥዕል ብቻ የማሳየው ዓይነት አዲስ ሬዲዮ ተቀምጧል።

"ጽጌ፣ ትንሽ ጣቢያ ይህ ነው?"

"በመዝገቡ ትንሽ ነን፣ እትዬ። ትልቁ ሬዲዮ የተመዘገበው አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ እዚህ በውሰት ነው ያለው። የእኛ መዝገብ ላይ ያለው ያ ነው" ብላ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ አሮጌ ሬዲዮ አሳየችኝ።

"ቅዳሜ በየትኛው ልትወዳደሪ ነው?"

"በዚህ ነዋ! ደንቡ መዝገቡን እንጂ ጠረጴዛውን አይጠይቅም።"

"ተገቢ ነው ትያለሽ?"

"እኔ አልጻፍኩትም፣ እትዬ።"

ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነው። ለማየት ያህል "እስቲ ጥሪ" አልኳት። ቁልፉን ነካ ነካ ስታደርገው አምስት ስድስት ጣቢያ ባንድ ጊዜ ተንጫጫ። እሷ አንዱን "አንተ ቆይ"፣ ሌላውን "አንተ ቀጥል" እያለች እንደ ትራፊክ ፖሊስ አሰለፈቻቸው። ጎበዝ ናት፤ ይህን መካድ አይቻልም። የከፋውን ፊቴን ስታይ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ባሸንፍ ሰው ሁሉ 'ማማው ነው' ሊለኝ ነው አይደል? ማማው ሞርስ አያውቅም እኮ! ከክረምት ጀምሮ በምሳ ሰዓቴ ስለማመድ ነው የከረምኩት።"

በዚያው ሬዲዮ አዲስ አበባ ላለው ኮሚቴ መልእክት ላክሁ፦ ምድቡ በመዝገብ ሳይሆን በሥራ ላይ ባለው መሣሪያ ይሁን፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ መልስ መጣ፦ "ደንቡ እንደተጻፈ ይፈጸም።" ጾም ስለነበረ ወይዘሮ ፋጡማ ሽሮ ሠርተው ጠበቁኝ። ከንዴቴ የተነሳ ጨው ይኑረው አይኑረው ሳላውቅ ጨረስኩት።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሰመራ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ጋሽ ደምሴ ለመንገድ ካምፑ የሬንጅ በርሜል የጫኑ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። ጸጥታቸው የቆየው ገዋኔ እስክንደርስ ነው። ገዋኔን አልፈን የመጀመሪያው ጎማ ሲፈነዳ መናገር ጀመሩ፤ የተናገሩት ግን እዚህ አይጻፍም። ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የመኪናው ጥላ ነው፣ እሱም ሥር ሬንጁ ይንጠባጠባል። ከየት እንደመጡ ያላየኋቸው ሁለት የአፋር ሰዎች ቆመው አዩንና አንደኛው የውኃ ቅሉን ለእኔ ዘረጋ። ጠጣሁ። አዲስ አበባ ላይ መንገድ ዳር ለተበላሸ መኪና ውኃ የሚያቀርብ ሰው አይቼ አላውቅም፤ መካሪ ግን ይሰበሰባል። እነዚህ ሁለቱ ግን ምንም ሳይመክሩ ክሪኩን ይዘው ቡሎን ፈቱ።

ሁለተኛው ጎማ ሚሌ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ፈነዳ። ጠጋኝ እስኪገኝ ሚሌ አደርን።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሰመራ ገባን። ሰመራ ስል አሁን አለ የሚሉኝን ከተማ እንዳታስቡ። ያኔ ከሎጊያ አለፍ ብሎ ሜዳ ላይ የቆመ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ነው፤ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የውኃ ቦቴ፣ አንድ ግሬደርና አጥር። በሩ ላይ ሽርጥ ያገለደመ፣ ጊሌ የሚባለውን የአፋር ጩቤ የታጠቀ ረዥም ዘበኛ መሸኛዬን ተቀብሎ ገልብጦ ጭምር አየና "ግቢ" አለኝ።

የካምፑ ኃላፊ ጓድ ታረቀኝ የሬዲዮ ክፍሉን ከፍተው ሻይ አስመጡልኝ። ብርጭቆዬን በክፍሉ መሐል ባለ ትልቅ የጣውላ ሳጥን ላይ አኖርኩና "ኦፕሬተሩ መቼ ይመጣል?" አልኳቸው።

"መጣ" አለ ከበሩ ላይ አንድ ድምፅ። ዘበኛው ነው። ጊሌውን ፈትቶ ምስማር ላይ ሰቀለ፣ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

ስሙ ሁመድ ነው። የቀድሞው ኦፕሬተር በሥራ ላይ እያለ እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚሰማውን ጢ-ጣ በዓመታት ውስጥ እንደ ቋንቋ ለመደው። ኦፕሬተሩ ተዛውሮ ተተኪ ሲጠፋ ገብቶ ተቀመጠ። ፊደል ያስተማረው የካምፑ መሠረተ ትምህርት ነው። በደመወዝ መዝገቡ ላይ ግን አሁንም ዘበኛ ነው፤ ጠዋት ሬዲዮ ይሠራል፣ ከሰዓት በር ይጠብቃል። ሁሉንም ሰው "አንተ"፣ "አንቺ" ይላል፤ ጓድ ታረቀኝንም ጭምር። መጀመሪያ ቆጥቁጦኝ ነበር፤ ከዚያ ለመድኩት፤ ኋላማ ተመቸኝ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሬዲዮ አሮጌ ነው። አንቴናው ሁለት እንጨት ላይ የተወጠረ ሽቦ ነው፤ ኃይሉም ከአንድ የመኪና ባትሪ ነው የሚመጣው። "ጥሩ፣ እናንተ በእርግጥ ትንሽ ጣቢያ ናችሁ" አልኩ በእፎይታ።

"አይደለንም" አሉ ጓድ ታረቀኝ። "ትልቅ ነን። አዲስ ሬዲዮ አለን፣ በመዝገብ።"

"የታለ?"

"ሻይሽን ያስቀመጥሽበት።"

ሳጥኑን አየሁት። ምስማሩ አልተነቀለም።

"ለምን አይከፈትም?"

"ርክክብ አልተደረገም። የርክክብ ኮሚቴ ሳይመጣ አይከፈትም።"

"ካልተረከባችሁት እንዴት ተመዘገበ?"

"ደርሷላ! የደረሰ ንብረት ይመዘገባል።"

"እንግዲያው ይከፈት።"

"ያልተረከብነውን?"

ይህን ንግግር ሦስት ጊዜ ዞርነው። ራሴን ልያዝ ወይስ ሳጥኑን ልርገጥ ብዬ ተነሳሁ። ያቺ ጋቢ ለብሼ የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር ጽጌን ከነማማዋ ትንሽ፣ ሁመድን ከነባትሪው ትልቅ አድርጋቸዋለች። ለሁመድ ነገሩን ሳስረዳው ሰማኝና "እኔ ትልቅ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ "ትልቅ ካሸነፈ ኮርስ አይገባም?" አለኝ።

"አይገባም።"

"ገባኝ" አለ። ወጥቶ አንድ ጣሳ ወተት ይዞልኝ መጣ። የግመል ነው። የእኛ ሰው የግመል ወተት እንደማይጠጣ እንዴት ልንገረው ብዬ ስጨነቅ ቀኑ ዓርብ መሆኑ ትዝ አለኝና "ጾም ነኝ" አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ጣሳ አስቀመጠልኝ። "ዛሬ ጾም የለም። ይህ የፍየል ነው" አለ፤ ለካ ትናንትም ገብቶት ነበር።

ቅዳሜ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውድድሩ ተጀመረ። ከሁመድ አጠገብ ተቀምጬ ሁለተኛውን ማዳመጫ አደረግኩ። የጽጌ ጣቢያ ጆሮ ይበጥሳል፤ ሌሎቹ እየተጋፉ ይመልሱላታል። ሁመድ ይጠራል፣ ይጠብቃል። ይጠራል፣ ይጠብቃል። የሚሰማው የለም። አንዱ ሰምቶት መመለስ ሲጀምር ሌላ ትልቅ ጣቢያ መጥቶ ላዩ ላይ ይቀመጥበታል። እኔ በወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ፤ እሱ ግን ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ እንደ ዓሣ አጥማጅ ዝም።

አራት ሰዓት አካባቢ ባትሪው ደከመ። እዚያው ካምፑ ያደሩት ጋሽ ደምሴ ጮክ ብዬ ስነጫነጭ ሰምተው መጡ። የመኪናቸውን ባትሪ ፈትተው በትከሻቸው ተሸክመው አመጡት። "ነገ ካልተነሳልኝ አንቺ ትገፊያለሽ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በደንብ ልናገር። ሁመድ ድንገት እጁን አነሳና "ዝም በዪ" አለኝ። እኔ የምሰማው የጽጌን ጩኸትና የአየር ፍርፍርታ ብቻ ነው። እሱ እርሳሱን አንስቶ መጻፍ ጀመረ። የጭፍራ ክሊኒክ ነው፤ ከእኛም የባሰ ደካማ መሣሪያ። ማዳመጫዬን ጫን አድርጌ ያዝኩ፤ አንዲት ነጥብ አልሰማሁም። ሞርስ ሳስተምር ስንት ዓመቴ ነው! ሁመድ ቁጥሩን ተቀበለ፣ የራሱን ላከ፤ አንዴም "ድገም" አላለም። የጭፍራው ሰው በመጨረሻ የላከውን ጽፎ አሳየኝ፦ "ከጠዋት ጀምሮ የመለሰልኝ አንተ ብቻ ነህ።"

"እንዴት ሰማኸው?"

"ዳጉ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ወግ ነው። "አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይሰማል። በሰማኸው ላይ አትጨምርም፣ አታጎድልም። ልጅ ሆኜ አባቴ የሰማሁትን ያስደግመኝ ነበር። አንድ ቃል ከጎደለ እራት የለም።"

ስድስት ሰዓት ሲሆን የሁመድ ግንኙነቶች በሁለት እጅ ጣት ይቆጠራሉ። የጽጌ ገጽ፣ አየር ላይ እንደሰማሁት ከሆነ፣ ሞልቶ ተገልብጧል። የጭፍራው ግንኙነት በእኔ ደንብ እንደማንኛውም አንድ ነጥብ ነው።

ያኔ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ሁለቱንም አንድ መሣሪያ ላይ አስቀምጣለሁ! ኮሚቴው ባይቀበለው እንኳ ማስረጃ ይሆናል። አየሩ ጋብ ሲል በሁመድ ቁልፍ ለየጣቢያው መልእክት ላክሁ፦ ሰኞ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ፈቃደኛ የሆነ አየር ላይ ይጠብቅ። ጽጌንም ሁመድን ወደ እሷ ሬዲዮ ላምጣው ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ወዲያው መለሰች፦ "ይምጣ። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው።" ጓድ ታረቀኝ በሩን ማን ሊጠብቅ ነው ብለው ብዙ አንገራገሩ። በመጨረሻ ራሴ የጻፍኩት፣ ሁለት ቦታ የፈረምኩበት ወረቀት ወስደው የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጡት።

እሑድ ሙሉውን ቀን ተጓዝን። መኪናው ተነሳ፤ አልገፋሁም። ሁመድ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ሚሌ ላይ ምሳውን እምቢ አለ። መንገዱን ሁሉ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ነጥብና ሰረዝ ሲመታ አየው ነበር። እኔ ደግሞ በልቤ አሸንፎ ጨርሷል፤ ለኮሚቴው የማነበውን ሪፖርት እያዘጋጀሁ ነበር። አዋሽ ስንደርስ ወይዘሮ ፋጡማ ለሁመድ የተከመረ ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረቡለት። ያን ግን "ቢስሚላህ" ብሎ በላ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ የእርሻው ሬዲዮ ክፍል ገባን። ጽጌ ለሁመድ ተነስታ ወንበር ሰጠችው፤ እሱ ግን "አንቺ ቅደሚ" አላት። አንድ ሰዓት ሠራች። እንደለመደችው ጫጫታውን አሰለፈችው፤ ሁለት ሦስት ቁጥር ብትሳሳትም ገጹን ሞላችው።

ከዚያ ሁመድ ተቀመጠ። ቁልፉን በጥንቃቄ ነካና ጠራ። ወዲያው አሥር ጣቢያ ባንድ ላይ ጮኸበት። ደንግጦ ማዳመጫውን ከጆሮው አራቀ። እንደገና አደረገው፤ ጠራ፤ እንደገና ተንጫጩ። አንዱን መርጦ ለመስማት ሲሞክር ሌሎቹ ይደርቡበታል። ላብ በግንባሩ ወረደ። በሕይወቱ ከአንድ ሰው በላይ ባንድ ጊዜ መልሶለት አያውቅም፤ ያን ያሰብኩት ያኔ ነው፣ እዚያው፣ ቆሜ እያየሁት። ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ ያለ አንዲት ስሕተት ሠራ። ሰዓቱ ሲያልቅ የጽጌን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

ጽጌ አልተደሰተችም። "እንደገና ይሞክር፣ አልለመደውም" አለች። "ጊዜ ስጡት።"

"በቃኝ" አለ ሁመድ። "እሷ አሸንፋለች።"

ወደ ውጭ ተከትዬው ወጣሁ፤ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ልምምድ፣ ስለ ጫጫታው ማስረዳት ጀመርኩ። ድምፄ እየጨመረ ሄደ። በኮሚቴው ተናደድኩ፣ በጓድ ታረቀኝ ተናደድኩ፣ አይመለከተውም እንጂ በማማውም ተናደድኩ። ሁመድ እስክጨርስ ጠበቀ።

"አንቺ ለምን ትቆጪያለሽ?" አለኝ። "ሰመራ ሆኜ ብሸነፍ ባትሪው ነው እል ነበር። አሁን ይህንንም ነሳሽኝ።"

ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቀው፣ በዚያው ቀን ወደ ሎጊያ በሚሄድ መኪና ተሳፈረ። ጽጌ ሮጣ መጥታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብርቱካን በመስኮቱ ሰጠችው። የሆነ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም በጣቱ የመኪናውን በር መታ መታ እያደረገ አሳያት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ ባቡሩ ወደ ደጋው ሲወጣ መጀመሪያ መስኮት ዘጋሁ፣ ከዚያ ሹራብ ለበስኩ፣ ከዚያ ሳል ጀመረኝ። ረቡዕ ሪፖርቴን ለኮሚቴው አነበብኩ። ሰብሳቢው አንብቤ ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እንግዲህ በደንቡም ልጅቷ አሸነፈች፣ አንቺ ያለ ፈቃድ ባደረግሽው ፈተናም ልጅቷ አሸነፈች። ታዲያ ደንቡ ምን አጠፋ?"

ከዚያ ሁሉ ንዴት በኋላ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ለተሳሳተው ደንቤ ምስክር ይዤለት መምጣቴ ነው። ጽጌ ኮርስ ገባች፤ የሚገባት ልጅ ናት፣ አሁንም እላለሁ። ደንቡም እንዳለ ቀጠለ።

እኔ ግን ስለ ውድድሩ ማውራቱን ትቼ ሌላ መንገድ ያዝኩ። ሰመራ ላይ በዓይኔ ያየሁትን ጽፌ፣ ይህ ሰው ለዓመታት የኦፕሬተር ሥራ ሲሠራ ቆይቷልና በሥራው ይጠራ የሚል ደብዳቤ አስገባሁ። ጠፋ ተባለ። ሌላ አስገባሁ። ይህ ክፍል አይመለከተውም ተባለ። የሚመለከተውን ክፍል ፈልጌ ሦስተኛ አስገባሁ። ሁለት ክረምት አለፈ።

አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሬዲዮአችን ላይ ደካማ ምት መጣ። ተማሪዎቼን ዝም አሰኝቼ ጻፍኩት። ከሰመራ ነው፤ የእጁን አመታት አውቀዋለሁ።

"ደብዳቤው ደረሰ። ኦፕሬተር ሆኛለሁ። ጓድ ታረቀኝ ግን ሌላ ዘበኛ አልተላከም ይላል። በሩን ማን ይጠብቅ?"

ተማሪዎቼን አሰናበትኩና ባዶ ወረቀት አወጣሁ።